የአስማቱ መጽሐፍና ሴት ልጆቻችን
(በቂርያት ጋት በወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

 

ዛሬ የተሰበሰብንበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ስለ ቤት አይደለም፣ ስለ ሥራም አይደለም፤ ሴት ልጆቻችን በንባብ ቡድናችን ስለሚያነቡት አንድ መጽሐፍ ነው። ይሁን እንጂ ባለፉት ሳምንታት በዚህ መጽሐፍ ምክንያት ብዙ ስልክ ተደውሎልናል። አንዲት እናት መጽሐፉን ከልጇ ቦርሳ አውጥታ ደብቃዋለች። አንድ አባት ደግሞ «ከኢትዮጵያ ድረስ ኦሪታችንን ይዘን የመጣነው ልጆቻችን እዚህ ጥንቆላ እንዲማሩ ነው ወይ?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ጥያቄ ነው። በስልክ ተነጋግረን ከምንጨርሰው ፊት ለፊት ብንወያይበት ይሻላል ብለን ነው የጠራናችሁ።

በመጀመሪያ መጽሐፉ ምን እንደሆነ እንንገራችሁ። «አካታ ዊች» ይባላል። የጻፈችው ኔዲ ኦኮራፎር ናት። ወላጆቿ ከናይጄሪያ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደው ሳለ ከ1967 እስከ 1970 በተካሄደው የቢያፍራ ጦርነት ምክንያት መመለስ ሳይችሉ ቀሩ፤ እሷም በ1974 እዚያው አሜሪካ ተወለደች። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምንናገረው።) መጽሐፉ የወጣው በ2011 ነው፣ ሁለተኛው ክፍል በ2017፣ ሦስተኛው በ2022 ተከትለዋል። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ያነቡታል፣ በዕብራይስጥ ይከራከሩበታል፣ እኛ ደግሞ ዛሬ በአማርኛ እናወራዋለን።

«ዊች» ማለት በዕብራይስጥ «ማኽሼፋ» የሚሉት፣ እኛ ጠንቋይ የምንለው ነው። «አካታ» ደግሞ አንዳንድ ናይጄሪያውያን አሜሪካ ለተወለደ ጥቁር የሚናገሩት የንቀት ቃል ነው። እንግዲህ በሽፋኑ ላይ ያለው ስም ስድብ ነው ማለት ነው፤ ልጅቱን የክፍሏ ልጆች የሰደቡበት ስድብ።

ልጅቱ ሰኒ ትባላለች፣ ዕድሜዋ 12 ነው። ኒው ዮርክ ተወልዳ በ9 ዓመቷ ከቤተሰቧ ጋር ወደ ናይጄሪያ ተመልሳ አባ በምትባል ከተማ ትኖራለች። ወላጆቿ ጥቁር ናቸው፣ እሷ ግን አልቢኖ ናት፤ ቆዳዋም ፀጉሯም የነጣ ነው። ፀሐይ ስለሚጎዳት እንደ ወንድሞቿ በቀን እግር ኳስ መጫወት አትችልም። አሜሪካ ሳለች ናይጄሪያዊት ናት፣ ናይጄሪያ ስትመጣ አሜሪካዊት ሆነች። ይህንን ልጆቻችን ሲያነቡ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። እዚያ ፈላሻ፣ እዚህ ኢትዮጵያዊ የተባለ ቤተሰብ ልጅ ነገሩን ከቤቱ ያውቀዋል።

ሰኒ በትምህርት ቤት ኦርሉ ከሚባል ልጅ ጋር ትግባባለች፣ በሱ በኩል ደግሞ ከቺቺ ጋር ትተዋወቃለች። ቺቺ ከእናቷ ጋር በአንዲት ጎጆ ትኖራለች፤ ጎጆዋ ከመጽሐፍ በቀር ንብረት የላትም ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤት አትሄድም፣ ምላሷ ስለታም ነው፣ ኩራቷም አይጣል ነው። የሰኒ እናት ግን ሐኪም ናት፣ ቤታቸውም የተሟላ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሴቶች ልጆች ቶሎ አልተዋደዱም፤ ቀስ በቀስ ግን አንዷ ያለ ሌላዋ መዋል የማትችል ሆነች። ሰኒ ከተራው ሰው የተለየ ኃይል እንዳላት የምታውቀው በነዚህ ጓደኞቿ አማካይነት ነው። ኃይል ያላቸው ሰዎች በመጽሐፉ «የነብር ሰዎች» ይባላሉ።

መጽሐፉ ውስጥ ሁለት ነገር በጣም ወደድን። አንደኛው፣ በነብር ሰዎች ዘንድ ገንዘብ የሚገኘው በመማር መሆኑ ነው። አንድ ሰው ያላወቀውን ነገር በተማረ ቁጥር «ቺቲም» የሚሉት ገንዘብ ከላይ ዱብ ይልለታል። (የመምህራን ደሞዝም እንዲሁ ዱብ ቢል ምን ነበረበት!) ሁለተኛው፣ ሌላው ሰው ጉድለት ብሎ የናቀው ነገር ለባለቤቱ የችሎታው ምንጭ መሆኑ ነው። ኦርሉ ፊደል እየተገለባበጠበት ማንበብ የሚቸገር ልጅ ነው፤ ኃይሉም ሌላው የሠራውን አስማት መፍታት ነው። ልጃቸው ወደ ሒኑኽ መዩሓድ፣ ማለትም ወደ ልዩ ትምህርት ይሂድ ተብሎ ወረቀት ፈርሙ የተባሉ ወላጆች ይህ ለምን ልባችንን እንደነካው ይገባቸዋል።

አሁን ወደ አባታችን ጥያቄ እንመለስ። ኦሪት ጥንቆላን ከልክሏል፤ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22ም ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18ም ግልጽ ናቸው፣ እኛም በዚህ ላይ ክርክር የለንም። የተከለከለው ግን ማድረጉ ነው እንጂ ታሪኩን መስማት አይደለም። ራሱ መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 28 ስለ ዓይንዶሯ ሴት ይነግረናል። ንጉሥ ሳኦል ጠንቋዮችን ከአገር አባርሮ ሳለ በጭንቁ ሰዓት ሌሊት ተሸሽጎ ወደሷ ሄደ። የመጣበትን ነገር ከሰማ በኋላ ፈርቶ፣ እህልም ሳይቀምስ ውሎ አድሮ ስለነበር መሬት ላይ ወደቀ። ያቺ ሴት የሰባ ጥጃዋን አረደችለት፣ ቂጣ ጋግራ አበላችው። መጽሐፉ ሥራዋን አላመሰገነም፣ ደግነቷንም አልደበቀም። ይህንን ታሪክ ልጅ እንዳያነብ የከለከለ ሰው አላየንም።

ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ብዙዎቻችንን ያስደነገጠን የኦሪቱ ትእዛዝ ብቻ አይመስለንም። ቃሉ ራሱ ያስደነግጠናል። እኛ በዚህ ስም የተጠራን ሕዝብ ነን።

ትልልቆቹ ታውቁታላችሁ፤ በልጅነታችን በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጣነውም ከእናቶቻችን ሰምተነዋል፤ እዚህ የተወለዱት ግን አያውቁትም። በጎንደር አገር ቤተ እስራኤል ርስት የሌለው ሰው ነበር። በአፈ ታሪካችን ይህ ከአፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ከ1414 እስከ 1429 ከነገሡት ንጉሥ ጀምሮ ነው ይባላል። መሬት ያጣ ሰው በእጁ ይኖራል፤ ወንዶቻችን ብረት ቀጠቀጡ፣ ሴቶቻችን ሸክላ ሠሩ። ያለነሱ ማረሻ ገበሬው አያርስም፣ ያለነሱ ምጣድ እንጀራ አይጋገርም ነበር። ይሁን እንጂ ድንጋዩን አቅልጦ ማረሻ፣ ጭቃውን አቃጥሎ ድስት የሚያደርግ ሰው ራሱንም መለወጥ አያቅተውም ተባለ። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ አሉን። የተገደለ ጅብ ጆሮው ላይ ጉትቻ ተገኘ እየተባለ ይወራ ነበር። በገበያ ቀን ከእናቶቻችን ጀበና የምትገዛው ሴት ሕፃኗን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ ዓይናችን እንዳያርፍበት። ሰው ሲታመም «ማነው የበላህ?» እየተባለ ጭስ ይታጠናል፣ በሽተኛው የጠራው ስም የኛ ሰው ስም ከሆነ ያ ሰው ያን ሌሊት እንዴት እንደሚያድር የሚያውቀው ራሱ ነው። ቡዳ ማለት ይህ ነበር።

ከዚያ ወጥተን እዚህ ስንመጣ ነገሩ ያበቃ መስሎን ነበር። በጥር ወር 1996 የለገስነው ደም ሳይነገረን ሲደፋ እንደኖረ በጋዜጣ ወጣ፣ ሕዝባችንም ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ጮኸ። በአንዱ አገር ደም ትበላላችሁ ተባልን፣ በሌላው አገር ደማችሁ ይደፋ ተባለ።

እንግዲህ ሰኒን «ጠንቋይ» ብለው ሲደበድቧት ልጆቻችን የሚያነቡት ስለ ናይጄሪያ ነው፣ እኛ ግን የምናነበው ስለ ወለቃ ገበያ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የሰኒ እናት ስለ አያቷ ብዙ ማውራት አትወድም። አያቷ ግን የነብር ሰው ነበረች፣ የተገደለችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ልጅቱ ይህንን ከሌላ ሰው ነው የምትሰማው፤ ዘግይቶም ከአያቷ የተላለፈ ሣጥን ይደርሳታል፣ በውስጡ ለሷ የተጻፈ ደብዳቤ አለ። በኛም ቤት ብዙ እናቶች ስለ ቡዳ ነገር ዝም ብለዋል፣ ዝም ያሉበትም ምክንያት አላቸው። ልጅ እንዲህ ተብሎ መሰደቡን ካወቀ ራሱን ይጠላ ይሆን ብለው ፈርተው ነው። አንዲት ልጅ በንባብ ቡድናችን «አያቴ ቀጥቃጭ ነበር እንጂ ሌላ ነገር አልተነገረኝም» ስትል ሁላችንም እርስ በርሳችን ተያየን።

ስለ ጓደኝነቱም እንነጋገር፤ በስልክ ከሰማናቸው ቅሬታዎች የሚበዛው እዚህ ላይ ነውና። መጽሐፉ ውስጥ ቺቺና ኦርሉ ምስጢራቸውን ለሰኒ ከመግለጻቸው በፊት «የእምነት ቋጠሮ» ያስሯታል። ከዚያ በኋላ ለእናቷም ቢሆን መናገር አትችልም። አንዲት እናት እንዲህ አለችን፦ «የኔ ልጅም ይኸው ነው፤ ለጓደኛዋ የምትነግረውን ለኔ አትነግረኝም። ጓደኛዋ ደግሞ ከቡኻራ የመጡ ሰዎች ልጅ ናት፤ እናቷን እንኳ አላውቃትም።»

ይህ ቅሬታ ቀላል አይደለም። እኛ ግን መልሰን አንድ ነገር ጠየቅናት፤ እናንተንም እንጠይቃችሁ። የደም ጎጆውን ታስታውሳላችሁ? ከመንደሩ ዳር፣ ድንጋይ ተከቦ፣ ሴት በወር አበባዋ ጊዜ የምትቀመጥበት፤ የወለደች ደግሞ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ከቤቷ ተለይታ የምትቆይበት። ሕጉ የኦሪት ሕግ ነው። ነገር ግን እዚያ ውስጥ የነበረው ሕይወት የሴቶች ነበር። ከዋሻው እሳት፣ ከወፍጮው፣ ከባሏም ከአማቷም ትእዛዝ ርቃ ሁለት ሦስት ሴቶች አብረው ይቀመጣሉ፣ ፀጉር ይሠራራሉ፣ ስፌት ይሰፋሉ። ውጭ ያለችው ጓደኛ ምግቡን ከድንጋዩ አጠገብ አስቀምጣ ከሩቅ ትጨዋወታለች። እዚያ የተወራው ወደ መንደር አይመለስም ነበር። ወንዶቹ እስከ ዛሬ ምን እንደተወራ አያውቁም፤ እዚህ ያላችሁት አባቶች ብትስቁም እውነት ነው። አያቶቻችን የእምነት ቋጠሮ ያስተሰሩት ከዚህ መጽሐፍ በፊት ነው።

እዚህ አገር ስንመጣ በአራተኛ ፎቅ ላይ ጎጆ የለም። አንዳንድ ሴቶች በረንዳ ላይ፣ አንዳንዶቹም በአንድ ክፍል ተለይተው ለመቀመጥ ሞከሩ፤ ከዚያ ተወው። ስለ ንጽሕናው ሕግ ቄሶቻችን ይናገሩ፣ የኛ ቦታ አይደለም። ነገር ግን ሴት ከሴት ጋር የምትቀመጥበት ቦታ አብሮ መጥፋቱን ማየት አለብን። ሴት ልጆቻችን ያንን ቦታ በስልክና በደረጃው ላይ፣ በማትናሱ ጥግ፣ በመጽሐፍም ውስጥ ይፈልጉታል። ከቡኻራም ሆነ ከካውካዝ የመጣች ልጅ ከልጃችን ጋር አንድ መጽሐፍ ለሁለት ይዘው ሲያነቡ ካየን ይህን እንደ ስርቆት አንየው።

ምስጢር ሁሉ ግን ደግ አይደለም። አንዲት ልጅ ጓደኛዋ አደጋ ላይ መሆኗን እያወቀች ዝም ማለት እንደሌለባት ከልጆቹ ጋር አንድ ምሽት ሙሉ ተነጋግረንበታል። መጽሐፉም በዚህ ይረዳል፦ ቺቺ ለመታየት ብላ ከአቅሟ በላይ የሆነ ነገር ትጠራለች፣ ሁሉንም አደጋ ላይ ትጥላቸዋለች። ሰኒም ኃይሏን የሰደበቻትን ልጅ ለማስፈራራት ስለተጠቀመችበት ተጠያቂ ትሆናለች። መጽሐፉ ጉድለትም አለው። ልጆችን እየሰረቀ የሚገድል ክፉ ሰው አለበት፤ ለ10 ዓመት ልጅ ከባድ ነው ብለን ስለምናምን ከ7ኛ ክፍል በታች ላሉት አንሰጥም። መጨረሻው ላይ ያለው ውጊያም ከተዘጋጀልን ሁሉ አንጻር ሲታይ ተቻኩሎ ያልቃል። ልጆቹም ይህንኑ ነው ያሉት።

የማትፈልጉ ወላጆች ልጃችሁ እንዳታነብ ብትሉ እንቀበላለን፤ ለሷ ሌላ መጽሐፍ እንሰጣታለን፣ ከቡድኑም አትወጣም። መደበቁን ግን እንዳታደርጉ እንለምናለን፤ ልጅ የተደበቀ መጽሐፍ ከጓደኛዋ ተውሳ ታነበዋለችና።

በሚቀጥለው ስብሰባ ልጆቹ ስለ አያቷ ሣጥን ያለውን ክፍል ያነቡልናል። ከዚያ በኋላ እናቶችና አያቶች ስለ ሸክላውና ስለ ገበያው እንድትነግሯቸው እንጠይቃችኋለን፤ ስለ ቡዳውም ጭምር። በአማርኛ ወይም በትግርኛ ተናገሩ፣ ልጆቹ ራሳቸው ለጓደኞቻቸው ወደ ዕብራይስጥ ይተረጉማሉ። የሌላ አገር ልጆችም ከእናቶቻቸው ጋር ተጋብዘዋል። ጭቃ እኛ እናመጣለን፤ ጀበና መሥራት ያልረሳች እናት ካለች ዛሬ ከመውጣቷ በፊት ስሟን ታስመዝግብልን። ቡናው ተፈልቷል፤ አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁን።