ፍርዱን የጨረሰ ሰው ይምረጥ?

የዛሬው ርዕሳችን የመምረጥ መብት ነው። በወንጀል የተፈረደበት ሰው የመምረጥ መብት ይኑረው?

እስቲ እድርን አስቡ። አንድ አባል ደንብ ጥሶ ተቀጣ፤ ቅጣቱንም ከፈለ። ታዲያ ዳኛ ሲመረጥ «አንተ እጅህን አታውጣ» ይባላል? አይባልም።

በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግን ለረጅም ዘመን እንዲያ ነበር። በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ጨርሶም የመምረጥ መብቱ በራሱ አይመለስለትም ነበር። በአውሮፓውያኑ 2018 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ለብዙዎቹ መለሰላቸው። በነፍስ ግድያና በወሲብ ወንጀል የተፈረደባቸው ቀሩ። በዓመቱ ደግሞ ሌላ ሕግ መጣ፦ የፍርድ ቤት መቀጮና ክፍያ ያልጨረሰ አይመርጥም። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ገንዘብ ያለው ከፍሎ ይመርጣል፤ ድሃው በዕዳ የመምረጥ መብቱን ያጣል። በሜይንና በቬርሞንት የአሜሪካ ግዛቶች ግን፣ አድማጮች፣ እስረኛው እዚያው እንደታሰረ በፖስታ ይመርጣል።