ረከቦት ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ

(በማኅበራችን የቅዳሜ ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ካደረገችው ንግግር)

ሊቀ መንበራችን ትምህርት ቤት ስለ መግባቴ እንዳወራ ነበር የጠየቀችኝ። እኔ ግን ሳልገባ ከቀረሁበት ብጀምር ይሻላል።

እንደምታውቁት እዚህ ዳላስ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሌሊት ሌሊት እየሠራሁ ነው ዲግሪዬን የጨረስኩት። ቀጥሎ ያመለከትኩት ለፒኤ ማስተርስ ነው። ፒኤ ከሐኪም ጋር እየሠራ በሽተኛ የሚመረምርና መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያ ነው። ከ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ቃለ መጠይቁን በኢንተርኔት ያደርጋሉ። የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪ ቀረልን። የፈተናውን ክፍል ማዘጋጀት ግን የራሳችን ሥራ ሆነ።

በመጀመሪያው ዓመት ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ። መስኮቱ ከኋላዬ ስለነበር ፊቴ ጥቁር ጥላ ሆኖ ታየ። ልጆቹ በሌላው ክፍል ፊልም ከፍተው ኢንተርኔቱን ስበውታል፤ ድምፄ ይቆራረጣል። ደግሞ እንዳደግነው ለታላላቅ ሰዎች አክብሮት ብዬ ዓይኔን ሰበር አደርጋለሁ። በስክሪን ላይ ይሄ አክብሮት ሳይሆን ጽሑፍ ማንበብ ነው የሚመስለው።

ይሄ ሁሉ ግን የጣለኝ አይመስለኝም። የጣለኝ አንዲት ቃል ናት።

“በሽተኛን የረዳሽበትን አጋጣሚ ንገሪን” አሉኝ። አንድ ሌሊት አንድ አዛውንት እራታቸውን ሳይነኩ፣ ልጃቸውንም በስም መጥራት አቅቷቸው አገኘኋቸው። ሙቀታቸውን ለካሁ፣ ለነርሷ ነገርኩ። “ደክሟቸው ነው” አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሜ ለካሁ፤ ጨምሯል። ጽፌ ይዤ ተመለስኩ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ፤ አረጋውያንን እንዲህ በድንገት ሊያምታታቸው ይችላል። እኔ ግን ለጠያቂዎቹ ምን አልኩ? “አየናቸው፣ ለነርሷ ነገርን፣ እግዚአብሔር ይመስገን ዳኑ።” በቃ። እነዚያ ሰዎች ማን ምን እንደሠራ በምን ይወቁ? ከሁለት ሳምንት በኋላ አልተቀበልንሽም የሚል ደብዳቤ መጣ።

“እኔ” ማለት ለእኛ ይከብደናል፤ ጉራ ይመስለናል። በሚቀጥለው ዓመት የዕቁባችን ሴቶች እሑድ እሑድ ጠያቂ ሆነው አለማመዱኝ። አንዷ፣ አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የምትስቀው፣ “አየን” ባልኩ ቁጥር ጠረጴዛውን ትመታ ነበር። እኔ ያደረግኩትን “እኔ”፣ የነርሷን “ነርሷ”፣ የሐኪሙን “ሐኪሙ” ማለት ለመድኩ። ጉራ አይደለም፤ እንዲያውም የሥራዬን ወሰን እንደማውቅ ያሳያል። የታማሚውን ስም፣ የክፍሉን ቁጥር፣ ማንነቱን የሚያስታውቅ ማንኛውንም ነገር ግን አውጡ። የታማሚ ምሥጢር በዚህ አገር በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ጠያቂዎቹም ያንን ያስተውላሉ።

አንዳንዱ ትምህርት ቤት ሰው እንኳን አያቀርብም። ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ ጥቂት ማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል፣ ከዚያ መቅጃው ይጀምራል። እኛ ስናወራ “እህ” የሚለን ሰው እንፈልጋለን፤ እዚያ ግን ማንም የለም። በስልካችሁ ራሳችሁን እየቀዳችሁ ተለማመዱ። የራሴን ቅጂ መጀመሪያ ስሰማ አፍሬ አጠፋሁት፤ በአምስተኛው ግን መጨረሻ ላይ ድምፄ እንደሚወርድ ገባኝ።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሌላም ዓይነት አለ፤ ከጠያቂ ወደ ጠያቂ እየተዘዋወራችሁ አጫጭር የሥነ ምግባር ጥያቄ ትመልሳላችሁ። “የሥራ ባልደረባሽ አልኮል አልኮል ቢሸት ምን ታደርጊያለሽ?” ዓይነት ነው። ዕቁባችን ላይ ይሄ ጥያቄ ሲነሳ ግማሾቹ “የሰው እንጀራ እንዴት ይዘጋል!” አሉ። ይሉኝታችን እዚህ ይፈትነናል። እኔ የያዝኩት መልስ መጀመሪያ ታማሚው ከእጁ ይውጣ፣ ከዚያ ለኃላፊ ይነገር የሚል ነው፤ ሰውየውም እርዳታ የሚያገኝበትን መንገድ አልረሳሁም። መልሱን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳመዛዘናችሁ ነው የሚያዩት።

ሰዓቱን ደግሞ አደራ። የሁለተኛው ጥሪ “10 ሰዓት ኢስተርን” ይል ነበር፤ ለዳላስ 9 ሰዓት ነው። በሐበሻ አቆጣጠር 3 ሰዓት መሆኑን ስቆጥር ሳለሁ ልጄ ባታስታውሰኝ አንድ ሰዓት ዘግይቼ ልገባ ነበር።

ያን ቀን መስኮቱን ፊት ለፊት አደረግኩ፣ ኢንተርኔቱን በገመድ አገናኘሁ፣ ስልኬን ለመጠባበቂያ ሞላሁ። ካሜራው ከዓይኔ ትይዩ እንዲሆን ላፕቶፑን የቡና ረከቦት ላይ አስቀመጥኩ፤ ላፕቶፑንም የገዛው ማኅበራችሁ ነው። ጥያቄ ሳይገባኝ ሲቀር “ይድገሙልኝ” አልኩ፤ ደገሙልኝ።

ትምህርቴ ሊጀመር ሦስት ወር ይቀረዋል። እስከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎኔ ጸጥ ያለ ነው። የቃለ መጠይቅ ጥሪ የደረሳችሁ ደውሉልኝ፤ ረከቦቱም እዚያው ነው፣ ጠረጴዛ የምትመታውንም እጠራታለሁ።