ከባርነት የተረፉ ዘፈኖች
(በሥነ ጽሑፍ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የፊሊስ ዊትሊን ስም ከእንግሊዝኛ ትምህርታችን እናውቀዋለን። ከአፍሪካ ተሸጣ በ1761 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ቦስተን የደረሰች ሕፃን ነበረች፤ በ1773 የግጥም መጽሐፏ በለንደን ታተመ። ለሃርቫርድ ተማሪዎች በጻፈችው ግጥም ራሷን ኢትዮጵያዊት ብላለች። መሣሪያዋ ግን የጌቶቿ ነበረ፤ በእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ ሁለት ሁለት ስንኝ ቤት እየመታች ገጠመች።

የአገራችንን ልጅ አስቴር ጋኖን ግን ስንቶቻችን እናውቃታለን? በልጅነቷ በሊሙ እናርያ ባሪያ ሆና፣ ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ ስትወሰድ፣ በ1886 ኢጣልያኖች መርከቡን በባሕር ላይ ይዘው ነፃ አወጧት። ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። በኋላም አምስት መቶ ያህል የኦሮሞ ዘፈን፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና እንቆቅልሽ ከአእምሮዋ አውጥታ ጻፈች፤ ብዙው በ1894 በወጣ የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ታተመ። ኦነሲሞስ ነሲብ በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያዘጋጅ ረዳቱ እርሷ ነበረች።

ዘፈኖቹ የሕዝብ ናቸው፤ የእርሷ ድርሰት አይደሉም። ታዲያ ጥበቡ ምን ላይ ነው? በብዙ የኦሮሞ ግጥም ሁለት ስንኞች እንደ ጥማድ በሬ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የፊተኛው ከዱር፣ ከወንዝ ወይም ከከብት ምሳሌ ያመጣል፤ የኋለኛው የልብን ነገር ይናገራል፤ ቃላቱም ከመድረሻው በፊት ሳይቀር በድምፅ ይመላለሳሉ። ይህን ጌጥ ነው የሚል ይኖራል። እኛ ግን የመዝገብ ቁልፍ እንለዋለን፤ አንዱ ስንኝ ቢዘነጋ ሌላው በድምፁ ይጠራዋልና። ከአገሯ የተነጠቀች ልጅ፣ ያለ ቀለምና ያለ ወረቀት፣ ይህን ያህል ዘፈን ይዛ እምኩሉ የደረሰችው በዚህ ጥበብ ኀይል ጭምር ይመስለናል። ነጋዴው ልጅቱን ሲዋዋልባት፣ በውስጧ ያለውን አልቆጠረውም።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ባርነት የባሕር ማዶ ታሪክ ብቻ አይደለም። በአገራችንም በ1942 በአዋጅ የተሻረ የቤታችን ታሪክ ነውና፣ ዝም ልንለው አይገባም።

ስለዚህ አንድ ነገር እንለምናለን። ከግቢያችን ሽቅብ፣ በዚሁ በጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ የዶርዜ ሸማኔዎች አሉ፤ እያንዳንዳችንም የመጣንበት አገር አለን። በዕረፍታችን ጊዜ አሥር አሥር ዘፈን፣ በዘፋኙ ፈቃድ፣ ከነቋንቋውና ከነስሙ ጽፈን እንመለስ። አስቴር አምስት መቶ ካስቀረችልን፣ እኛ ወረቀትና እርሳስ ያለን አሥር ብናጣ ያሳፍረናል።