ለክፉ ቀን የሚተርፍ



ዕድር ለቀብር ይደርሳል፤ ለድንገተኛ ሕመም ወይም ለሞተ የእርሻ በሬ ግን ብዙውን ጊዜ አይደርስም። ያን ጊዜ ምእመኑ በአራጣ ይበደራል፤ አለዚያም ለዘር ያኖረውን እህል ይሸጣል። ዘሩን የሸጠ ደግሞ የመጪውን ዓመት መከር አብሮ ሸጠ።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ለሥጋና ለቅቤ ሳይወጣ የሚቀረው ገንዘብ፣ የነዳያን ድርሻ ከተነሣለት በኋላ፣ በፋሲካ ድግስ ባያልቅ ለክፉ ቀን ይተርፋል። ተዝካርም በጸሎትና በምጽዋት ይፈጸማል፤ በብድር የተደገሰ ድግስ ግን ሟቹን ሳይጠቅም ልጆቹን ባለዕዳ ያደርጋል።

ስለዚህ የንስሐ አባቶች ይህን በየቤቱ እንድትመክሩ፣ ሰበካ ጉባኤያትም ሐዘንተኛውን ከመበደሩ በፊት እንድታነጋግሩት በትሕትና እጠይቃለሁ።