የሒሳብ መዝገብና የሒሳብ ሶፍትዌር በአነስተኛ ንግድ ቤቶች

(በደብረ ብርሃን ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ሒሳብ መዝገብ አያያዝ እንዲናገር መጠየቁ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አልቀረም። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ወይም አንድ የእህል መደብር ኮምፒዩተር ሲገዛ፣ «የሒሳብ ሶፍትዌር ጫኑልኝ» ብሎ የሚጠራው ብዙውን ጊዜ የሒሳብ ባለሙያውን ሳይሆን እኛን ነው። ሶፍትዌሩ ይጫናል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ኮምፒዩተሩ የሙዚቃ ማጫወቻ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ጉድለቱ የመሣሪያው አይደለም። ሶፍትዌር የተጻፈውን ይደምራል፣ ይለያል፣ በሠንጠረዥ ያቀርባል፤ ያልተጻፈውን ግን ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ አስቀድመን ስለ መዝገቡ መነጋገር ይገባናል።

ለምሳሌ ያህል በጠባሴ ሱቅ ያለውን አንድ የብርድ ልብስ ነጋዴ በሐሳባችን እንውሰድ። ይህ ሰው በ24,000 ብር መነሻ ገንዘብ 40 ብርድ ልብሶች፣ እያንዳንዱን በ600 ብር ገዛ። ሠላሳውን በ800 ብር ሒሳብ ሸጠ፤ ከእነዚህም ውስጥ ስምንቱ በዱቤ የተሰጡ ናቸው። በወሩ ውስጥ ለቤቱ አስቤዛና ለልጆቹ ትምህርት ቤት 4,000 ብር ከመሳቢያው አነሣ። በወሩ መጨረሻ መሳቢያውን ቢቈጥር 13,600 ብር አገኘ። ሃያ አራት ሺህ አውጥቶ ይህን ያገኘ ሰው «ከሰርሁ» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን አልከሰረም። በመሳቢያው 13,600፣ በባለዕዳዎቹ እጅ 6,400፣ በመደርደሪያው ላይ ደግሞ በግዢ ዋጋቸው 6,000 ብር የሚያወጡ 10 ብርድ ልብሶች አሉት፤ ድምሩ 26,000 ብር ነው። ለቤቱ የወሰደው 4,000 ሲጨመርበት 30,000 ይሆናል። ከዚህ መነሻው ሲቀነስ የወሩ ትርፍ 6,000 ብር ነው ማለት ነው። (የሱቅ ኪራይንና መብራትን እኔ ለማሳጠር ትቻቸዋለሁ፤ ነጋዴው ግን እንዳይተዋቸው።)

እንግዲህ የዚህ ሰው ችግር ጥሬ ገንዘብን፣ ትርፍንና የቤት ወጪን በአንድ መሳቢያ መክተቱ ነው። በሒሳብ ዓይን ሱቁና ባለሱቁ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ባለሱቁ ከመሳቢያው ሲወስድ እንደ ማንኛውም ሰው ሊጻፍበት ይገባል።

ነጋዴው ሒሳብ አያውቅም የሚለውን አባባል እኔ አልቀበለውም። ከአንኮበር ግርጌ ያለው የአልዩ አምባ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሐረርና ከአፋር ቈላ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ሲሆን፣ አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን ይሠራባቸው ነበር። በሁለት ዓይነት ገንዘብ ሲነግድ የኖረ ሕዝብ በስሌት አይታማም። ዛሬም የዱቤ ደብተር የሌለው ሱቅ ጥቂት ነው። የሚጐድለው ዱቤው ብቻ ሳይሆን ሁሉም በዕለቱ መጻፉ ነው።

ሉካ ፓቾሊ በ1494 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ ያብራራው የድርብ አመዘጋገብ ዘዴ እያንዳንዱን ድርጊት በሁለት ቦታ ይጽፋል፤ በዱቤ የተሸጠው ብርድ ልብስ በተሰብሳቢ ሒሳብ በዴቢት፣ በሽያጭ ሒሳብ በክሬዲት ይገባል። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። የመሬት ከፍታ ስንለካ ዞረን ወደ መነሻችን ስንመለስ ልዩነቱ ዜሮ እንዲሆን እንጠብቃለን። ሆኖም ልኬቱ መዝጋቱ አልፈነው የሄድነውን ጉድጓድ አያሳይም፤ ዴቢትና ክሬዲት መመዛዘናቸውም እንዲሁ ያልተጻፈን ሽያጭ አያጋልጥም።

መዝገብ አለመኖሩ የሚያስከትለውን በሐምሌ 2009 ዓ.ም. አይተናል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግብር ከፋዮችን በሦስት ደረጃ ከፍሎ ነበር፤ አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል። በዚያ ሐምሌ የዕለት ገቢ ግምት ለደረጃ «ሐ» ነጋዴዎች ሲነገር፣ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ከፍተኛ ቅሬታ ተነሥቶ በብዙ ቦታ ሱቆች ተዘጉ። የግምቱ ትክክለኛነት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። መዝገብ የሌለው ነጋዴ ግን ግምትን በግምት ከመመለስ በቀር የሚያቀርበው ማስረጃ አልነበረውም።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ እንምጣ። በአገራችን እጅግ የታወቀው ፒችትሪ ነው፤ ስሙ ሴጅ 50 ተብሎ ከተለወጠ ዓመታት ቢያልፉም ብዙዎቻችን በቀድሞ ስሙ እንጠራዋለን። ጥቂት ሽያጭ ላለው ሱቅ እኔ አልመክረውም፤ ሦስት ወር በወረቀት መዝገብ፣ ከዚያም በኤክሴል ቢሠራ ይበቃዋል። ዕቃውና ባለዕዳው ሲበዛ ፒችትሪ ይግባ።

በዚህ ጊዜ ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። የበጀት ዓመታችን የሚጀምርበት ሐምሌ 1 ቀን በሶፍትዌሩ ዘንድ ጁላይ 8 ነው። የሚጭነው ሰው ሳያስብ ዐሥራ ሁለቱን የፈረንጅ ወራት ቢመርጥ፣ ከሰኔ 24 እስከ ሰኔ 30 ያሉት ሰባት ቀናት ወደ አዲሱ ዓመት ይገባሉ፤ የዓመቱም ትርፍ ይዛባል። ከፈረንጅ ወራት ጋር የማይገጥሙ የሒሳብ ጊዜያትን የመወሰን ምርጫ ስላለ፣ የድርጅቱ ፋይል ሲከፈት ቀኖቹን በእኛ ወራት ልክ ማስገባት፣ ጳጉሜንንም ከነሐሴ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ፋይሉ ሥራ ከጀመረ በኋላ ይህን ማስተካከል አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ከመጪው ሐምሌ በፊት የምትጠሩ ሁሉ ነጋዴውን የቀን መቁጠሪያ ይዞ ከጎናችሁ እንዲቀመጥ ጠይቁት።