የአሮጌ ባለ ቱርቦ መኪና ሕመምና ጥገና
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የማቀርብላችሁ ንግግር ከደመወዙ ቆጥቦ አሮጌ መኪና ለገዛ፣ ወይም የመሥሪያ ቤቱን መኪና በኀላፊነት ለያዘ ሠራተኛ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉትን አሮጌ መኪናዎች ጠግኖ ማኖር ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል።

ከተማችን ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 15 እጅ ያህል የሳሳ ነው። ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ስለ ሆነ፣ አየሩ በሳሳ መጠን ጉልበቱ ይደክማል። ከዚህ ተነሥቶ የሐገረ ሰላምን ዳገት የሚወጣ ሰው ይህን በመኪናው ላይ ያየዋል። ይህን ጉድለት ከሚያሟሉት ብልሃቶች አንዱ፣ የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ቢዩኺ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ቱርቦ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንዲት ባለ ክንፍ መዘውር ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ላይ ያለችው ሁለተኛዪቱ መዘውር ደግሞ ንጹሕ አየር እየሳበች ወደ ሞተሩ ትገፋለች። ዘንጉ በአንድ ደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ሲችል፣ ብረቱን ከብረት የሚለየው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። እንግዲህ የቱርቦ ሕይወቱ ዘይት ነው።

መኪና ጉልበት ሲያንሰው ብዙ ሰው «ቱርቦው ሞቷል» ብሎ ይፈርድና ገንዘቡን ይዞ ወደ መለዋወጫ መደብር ይሮጣል። ነገር ግን ቱርቦ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በሌላ ጥፋት ነው። ገዳዩ ሳይያዝ አዲስ ቢገጠም፣ አዲሱም የፊተኛውን ይከተላል፤ የወራት ደመወዝም አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

አንደኛ፤ የጭሱን መልክ ተመልከቱ። የናፍጣ መኪና ጉልበት አጥቶ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ፣ ነዳጅ አግኝቶ አየር አጥቷል ማለት ነው። በመጀመሪያ በአቧራ የታፈነ የአየር ማጣሪያ እንዳለ ይታይ። ቀጥሎም ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄዱት የጎማ ቱቦዎች መሰንጠቃቸው፣ ማጥበቂያዎቻቸውም መላላታቸው ይመርመር። በጋራዥ የአየር ግፊት ተሰጥቶ የሳሙና ውሃ ቢቀባባቸው፣ የሚተነፍሰው ቦታ አረፋ ያወጣል። የአንድ ቱቦ ዋጋ ከቱርቦ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም።

ሁለተኛ፤ ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው። በዚህም ጊዜ ወደ ፍርድ አትቸኩሉ። ዘይቱ ከልክ በላይ ተሞልቶ፣ የሞተሩ መተንፈሻ ተደፍኖ፣ ወይም ዘይት ከቱርቦው የሚመለስበት ቧንቧ ተዘግቶ እንደ ሆነ፣ ደኅናው ቱርቦ ዘይት ይተፋል። የሞተሩ ፒስተን ቀለበቶች ማለቅም ይህንኑ ጭስ ያመጣል።

ሦስተኛ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ የአየር መግቢያው ቱቦ ይፈታና ዘንጉ በጣት ይነካ። ወደ ጎን ጥቂት መነቃነቁ ለዘይቱ የተተወ ክፍተት ስለ ሆነ አያስፈራም። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲላወስ በእጅ ከታወቀ፣ ወይም ክንፎቹ ግድግዳውን ከፋቁ ግን ቱርቦው አብቅቶለታል።

በዚህ ጊዜ የሚለወጠው ቱርቦው ብቻ አይደለም። ዘይቱና የዘይቱ ማጣሪያ ይለወጡ፤ ዘይት የሚያመጣው ቀጭን ቧንቧ ይጽዳ ወይም ይተካ፤ በአየር ማቀዝቀዣው ውስጥ የተጠራቀመው ዘይትና የብረት ስብርባሪ ይታጠብ። አዲሱም ከመነሣቱ በፊት ዘይት ይጠጣ፤ ደረቅ ሆኖ ከተሽከረከረ በሰከንዶች ውስጥ ይጎዳል።

አሁን ደግሞ ሕይወትን የሚመለከት ነገር ልንገራችሁ። ዘይት የሚተፋ ቱርቦ ያለበት የናፍጣ ሞተር የገዛ ዘይቱን እንደ ነዳጅ ማቃጠል ሊጀምር ይችላል። ያን ጊዜ ቁልፉ ቢዘጋም ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱን ይጨምራል። ማርሹ በእጅ የሚለወጥ መኪና ከሆነ፣ ፍሬኑን በኀይል ረግጦ፣ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ሞተሩን አፍኖ ማጥፋት ይቻላል። በአየር መሳቢያው ላይ ግን እጅን ማስጠጋት ጣትን ያስቆርጣል። ስለዚህ ሰማያዊ ጭስ እያዩ «ነገ አሳየዋለሁ» ማለት አደገኛ ነው።

ጥንቃቄውስ ቀላል ነው። ዘይቱን በጊዜው ለውጡ። ጠዋት ሞተሩን እንዳስነሣችሁ ነዳጅ መስጫውን አትርገጡ፤ ዘይቱ እስኪደርስ ግማሽ ደቂቃ ታገሡ። ረጅም ዳገት ወጥታችሁ ስትቆሙም ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይረፍ፤ አለዚያ በጋለው ዘንግ ላይ የቆመው ዘይት ያርና ከሰል ይሆናል።

የአገራችን ሰው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላል። ምክሩ ለመኪናም ይሠራልና፣ ጉድለቱ በአንድ ቱቦ ዋጋ ሊታረም በሚችልበት ጊዜ መርምሩት።