በነባር ሳል ላይ የሚደረብ የሳንባ ምች



በሆሳዕና፣ በዱራሜ ወይም በሾኔ ከተማ በመሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ ከሆነ፣ ከገጠር መጥተው በቤትዎ የሚኖሩ አረጋዊት እናት ወይም አክስት ይኖሩዎት ይሆናል። እኒህ እናቶች በእንሰት ተክል መካከል በተሠራ ጎጆ፣ የጢስ መውጫ በሌለው ምድጃ አጠገብ ቆጮ ሲጋግሩ ዘመናቸውን ያሳለፉ ናቸው። የማገዶ ጢስ ለብዙ ዓመታት ወደ ደረት ሲገባ የአየር ቧንቧዎችን ያጠባል፤ አክታን ጠርጎ የሚያወጣውንም ረቂቅ ጠጕር ይጎዳል። ቀድሞ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት የዳነ ሰውም ሳንባው ላይ ጠባሳ ሊቀር ይችላል። ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያና መሰሎቹ፣ ራሱን ማጽዳት ባቃተው በእንዲህ ያለ ሳንባ በቀላሉ ይራባሉ፤ የአየር ከረጢቶቹንም በመግል ይሞላሉ።

ስሙ ራሱ ብዙ ሰው ያሳስታል። «ምች» በመባሉ ዳማከሴ አሽቶ ማሽተት የሚበቃው ይመስላል፤ ነገር ግን ባክቴሪያ በዳማከሴ አይሞትም። ከዚህ የሚከፋው ግን «የቆየ ሳላቸው ነው» የሚለው ቃል ነው። በዚህ ቃል ሁለትና ሦስት ቀን ይባክናል።

ስለዚህ ነባሩ ሳል መልኩን ሲለውጥ ልብ ይበሉ። አክታው ቢጫ ወይም የዝገት ቀለም ያመጣል፤ ብርድ ብርድ ብሎ ያንቀጠቅጣል፤ ትንፋሽ ሲሳብ ጎን ይወጋል። በአረጋውያን ላይ ግን ትኩሳት ጨርሶ ላይታይ ይችላል፤ መቀባዠርና እህል እንቢ ማለት ብቻ ይሆናል ምልክቱ። ሰዓትዎን ይዘው፣ በሽተኛዋ ሳያውቁብዎ፣ በ1 ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍሱ ይቍጠሩ። 30 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ሆሳዕና ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናትና፣ በአየሩ የሚገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ካለው ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው፤ የታመመ ሳንባ ይህን ጉድለት አይችለውም።

ከቤት የተረፈ ክኒን አይስጡ። ሌቮፍሎክሳሲንን የመሰለ መድኃኒት የነቀርሳን ምልክት ለጊዜው አደብዝዞ ምርመራውን ያዘገያል። በንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታልም ሆነ በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ፣ የቀድሞውን የሳንባ በሽታ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ፤ አክታውም ለነቀርሳ ይመርመር እንደሆነ ይጠይቁ። የኒሞኮከስ ክትባት በአገራችን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት ይሰጣል፤ ሳንባቸው ለታመመ አዋቂዎች የሚሆንም ክትባት ስላለ፣ በሽተኛዋ ሲያገግሙ ስለዚሁ ሐኪሙን ያማክሩ።